ይሄዳል ያለችው ኩብራ ናት

«ለእኔ ወረቀት አትስጠኝ ብዬሃለሁ። የሦስት ወር ደመወዜን በጠገራ ብር ቁጠርልኝ፤ እሱ ከሌለህ ጨው ስጠኝ። ይህን ወረቀት ሚስቴ ምን ታድርገው? ወጥ ታጣፍጥበት?»

ኩብራ ይህን የሰማችው መተማ አጠገብ ኮኪት ባለው የጣሊያን የእህል መጋዘን በረንዳ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ እንዳለች ነው። የቆርቆሮ ግድግዳ መቼም ነገር አይደብቅም። የሚጮኸው አስተርጓሚው አገኘሁ ነበር፤ የሚጮኸውም በደመወዝ ከፋዩ ላይ። ከፋዩ ከአስመራ የመጣ ሽማግሌ ጸሐፊ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብር ከየት ላምጣልህ ልጄ?» ሲለው ሰማች። «እንግሊዝ ባሕሩን ከዘጋው ወዲህ ከሮማ የሚላክ ነገር የለም። ሹሙ ያለችውን አንዲት ሳጥን ብር የቆለፈባት ለአገሬው ወታደሮቹ ለአስካሪዎቹ ነው፤ እነሱ ወረቀት የተሰጣቸው ዕለት ጠመንጃቸውን እንደያዙ ቋራ አርበኞቹ ዘንድ ይገባሉ። አንተና እኔ ግን የት እንገባለን? ተቀበልና ፈርም።» ከዚያ አገኘሁ «እግዜር ይይላችሁ» አለ፤ ፈረመ መሰለኝ፣ ሌላ ጩኸት አልተሰማም።

ብዙም ሳይቆይ ያው አገኘሁ ወደ በረንዳው ብቅ ብሎ «ሴትዮ፣ ሹሙ ይጠሩሻል» አላት። ከጎንደር የመጣ፣ ጫማውን በየጠዋቱ የሚወለውል ሰው ነው። ኩብራ ቶቧን አጥብቃ ተከናንባ ተከትላው ገባች። ሹሙ ወባ ያመነመነው ጣሊያን ነው፤ ፊቱ ቢጫ፣ ከፊቱ አንድ ብርጭቆ ውሃና የኪኒን ጠርሙስ። እሷን አላያትም። ወደ ጠረጴዛው እያየ ብዙ ተናገረ፤ አገኘሁ ደግሞ ቁም ነገሩን ብቻ እየለቀመ አቀበላት። ወንድሟ ኢሳ ከገላባት ማዶ፣ ከሱዳን፣ ጨው ጭኖ በቋራ መንገድ ሲመጣ አሥራ አንድ አዲስ ጠገራ ብር ይዞ ተገኝቷል። የሚያብረቀርቅ አዲስ ብር እንግሊዝ ለአርበኞች የሚልከው ብር ነው፤ የእንግሊዝ ብር የያዘ የእንግሊዝ ሰው ነው። ነገ ጠዋት ካሚዮኑ ወደ ጎንደር ይወስደዋል። ጎንደር ምን እንደሚጠብቀው እሷም አላጣችውም። ይህ አንድ። ሁለተኛው፣ የኮኪት ገበያ ሰው ብሩን ለእሷ ሳያሳይ እንደማይገበያይ ሹሙ ሰምቷል። ዛሬ ቅዳሜ ነው። የሊሬውን ወረቀት በሰው ፊት ይዛ ይሄዳል ትበል፤ ሰዉም ማሽላውን ለመጋዘኑ ይሽጥ። ሠላሳ ጆንያ ከሞላ ወንድሟ ማታውኑ ቤቱ ይገባል። ካልሞላ ካሚዮኑ ነገም መሄዱ አይቀርም።

ኩብራ አገኘሁን አየችው። አገኘሁ ጫማውን አየ። «ሹሙ ራሳቸው ደመወዛቸውን በዚህ ወረቀት ይቀበላሉ ወይ በልልኝ» አለችው። አገኘሁ ወደ ሹሙ ዞሮ አንድ አጭር ነገር ተናገረ፤ ሹሙም ራሱን ነቅንቆ ኪኒኑን ዋጠ። አገኘሁ ጥያቄዋን ትቶ እሺ ብላለች እንዳለው ገባት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱ ከመቼውም ይልቅ ረዘመባት። ጣሊያን በመጣ በመጀመሪያው ዓመት የነበረውን ያየ ሰው ዛሬ ላይ ቆሞ ቢስቅም ቢያለቅስም እውነት አለው። ያኔ ብሩን እንደ ዘር ነበር የበተኑት። መንገድ ቆፋሪው፣ ውሃ ቀጂው፣ ሣር አጫጁ፣ ሁሉም ማታ ማታ ጠገራ ብር ይዞ ይገባ ነበር። ዶሮ በሩብ የምትገኝበት አገር ዶሮ አንድ ብር ገባች። ከዚያ ብሩ አነሰና ወረቀት መጣ፤ አንድ ብር ሦስት ሊሬ ነው ተባለ፤ ዋለ አደረና አምስት ሊሬ ነው ተባለ። ገበያው ውስጥ ደግሞ በጎን አሥር፣ አሥራ ሦስት፣ ኋላም ሃያ እያለ ወረደ። ባለፈው ጥቅምት በመተማና በገላባት መካከል መድፉ ሲያጓራ ከሰነበተ ወዲህ ግን ዋጋ የሚጠራለትም ጠፋ። ሹሙ አሁንም አምስት ሊሬ አንድ ብር ነው ይላል። አንድ ጆንያ ማሽላ ሁለት ብር ነው፣ ስለዚህ አሥር ሊሬ ውሰዱ ይላል። በአሥር ሊሬ ግን አንድ ጣሳ ጨው የሚሸጥ ነጋዴ ከኮኪት እስከ ሳንጃ አይገኝም። አንድ ሰሞን በጉልበት ልውሰድ ብሎ ነበር፤ ሰዉ ማሽላውን በጉድጓድ ቀብሮ ጫካ ገባ። ጫካ ያሉት አርበኞች ደግሞ በየቤቱ ቁና ቁና ይሰበስባሉ። ሁለት መንግሥት ከአንድ ጆንያ ሲበላ የጆንያው ባለቤት ምን እንደሚበላ የጠየቀ የለም።

ቤቷ ሁለት ጎጆ ነው። በአንደኛው እሷ፣ በሁለተኛው ወንድሟ ኢሳና ሚስቱ ረቢዓ ይኖራሉ። ስትገባ ረቢዓ በኩብራ ጎጆ ደጃፍ ላይ ሰሊጥ እያበጠረች ነበር። ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች። ኩብራ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ከዚሩ፣ ከሸክላው ጋን፣ ውሃ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ጣሳውን ደፋች። ረቢዓ ሰሊጡን ታነፍሳለች፤ ገለባው ይበናል፤ ፍሬው ሰፌዱ ላይ ይንሿሿል። ምን አሉዎት ብላ አልጠየቀችም። ያልጠየቀችው መልሱን ስለፈራች ነው፤ ኩብራም ያልነገረቻት ስለዚሁ ነው። ብነግራት «ይሄዳል ይበሉ» ትለኛለች፤ እሷ ይበሉ ብላኝ ካልኩት ነገ ጥፋቱ የእሷ ይሆናል፤ አልልም ካልኩ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቴ በዚህ ደጃፍ ላይ እንደዚህ አቀርቅራ ታበጥራለች። ይህን ይህን እያሰበች ተቀመጠች። ከኪስራው እንጀራ ቆርሳ ወደ አፏ ልታደርግ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

ጉቦ ሞክራለች። ኢሳ በተያዘ በማግስቱ ለአገኘሁ አሥር ብር በመሐረብ ቋጥራ ሰጥታው ነበር፤ መሐረቡን እንኳ አልመለሰላትም። ከጎተራው ሥር፣ ከማሽላው በታች፣ በቆዳ ከረጢት ሰባ ሁለት ብር አላት፤ ለሐጅ ብላ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የቆጠበችው። ሹሙ ዘንድ ይዛው ብትሄድ ብሩን ወርሶ እሷንም ከኢሳ ጎን ያስራታል። ሹሙ የቸገረው ብር ብቻ አይደለም፣ መተማ ያለው ሠራዊቱ የሚበላው ነው። የሚበላው ያለው ደግሞ ከሰዉ ዘንድ ነው፤ ሰዉ የሚሰማው እሷን ነው።

ይህ መሰማት እንዲሁ የመጣ አይደለም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያው መሐል ካለው የሮቃ ዛፍ ሥር ሰሌኗን ዘርግታ፣ ጥቁር ድንጋይዋን ከፊቷ አድርጋ ትቀመጣለች። ሻጭም ገዢም ብሩን ያመጣላታል። ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ የዘውዷ ፈርጥ ሰባት መሆኑን ትቆጥራለች፤ የትከሻዋን ጌጥ በጥፍሯ ዳሰስ ታደርጋለች፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ጣል አድርጋ ጆሮዋን ታዘነብላለች። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ነው። «ይሄዳል» ወይም «አይሄድም»። ዋጋዋ አንድ እፍኝ ማሽላ ነው። «ይሄዳል» ያለችው ብር ኋላ ቢወድቅ ከራሷ ትተካለች፤ የኮኪት ሕግ ይህ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመት አንዴ ብቻ ተሳስታ፣ እርሳስ ብር አሳልፋ፣ ባለቤቱ ሳይጠይቃት ቤቱ ድረስ ሄዳ ተክታለታለች። ክርስቲያኑም እስላሙም ባላገር ከነጋዴ ጋር የሚተማመነው በእሷ አፍ ነው። ከገለጉ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ አንዲት ብር ሊያሳያት የመጣ ሰው እንኳ አለ፤ ውባንተ ይባላል። ብሩን አየችለት፣ ይሄዳል አለችው፣ ውሃ ጠጥቶ ተመለሰ።

የቀትሩን ዙሁር ሰግዳ ድንጋይዋን አንጠልጥላ ወጣች። ረቢዓ ከደጃፉ ተነሥታ አሳለፈቻት። መልሳ ሰፌዱን አነሣች።

ገበያው ሞልቷል። የማሽላው አጨዳ ገና መጠናቀቁ ነውና አህያ ከአህያ ይጋፋል፤ ሰው ግን ጆንያውን ፈትቶ አያሳይም። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሚዛኑ ተሰቅሎ፣ ሁለት አስካሪ ግራና ቀኝ ቆመው፣ አንድም ሰው አልቀረባቸውም። ኩብራ ሰሌኗን ዘረጋች። ሹሙ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ አገኘሁን አስከትሎ መጥቶ ከሮቃው ጥላ ቆመ። ወሬው ቀድሟት ደርሶ ኖሯል መሰል ገበያው ቀስ እያለ ዛፉን ከበበ። አገኘሁ አንዲት አዲስ አሥር ሊሬ አወጣና እጇ ላይ አኖረላት። ወረቀቷ ለስላሳ ናት፤ እጅ ላይ አትከብድም። ኩብራ በልማድ አገላበጠቻት፤ ምኗን እንደምታይ ግን አላወቀችም። የሚቆጠር ፈርጥ የለ፣ በጥፍር የሚዳሰስ ጌጥ የለ።

ከፊት የቆመችው አሰበች ናት። አሰበች ባሏና ልጇ ባለፈው ዓመት በወባ የሞቱባት፣ ሁለት ጆንያ በአንድ አህያ ደራርባ የመጣች አሮጊት ናት። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። ማሽላዋን ሸጣ ጨውና ለክረምት የሚሆን የዘር ሰሊጥ ካልገዛች የሚቀጥለው ዓመት የላትም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጎንበስ ብላ ወረቀቷን አየችና «ኩብርዬ፣ እኔ መቼም ዓይኔም አያይ፤ ይሄዳል?» አለቻት።

አህያ እንኳ ያናፋ የለም። ኩብራ የአሰበችን እግር አየች። ከዚያ ኢሳ ትዝ አላት፤ እናታቸው ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው፤ ሲፈራ አንገቷን የሚያንቅበት አስተቃቀፉ አሁንም ከአንገቷ ላይ አልለቀቀም። ነገ በዚህ ሰዓት ጎንደር ነው። እውነቱን ልናገር፣ ኩብራ ያን ጊዜ ስለ መንግሥት አላሰበችም፣ ስለ ሮማም ስለ እንግሊዝም አላሰበችም፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ እሷም ጨንቋት ነበር።

«ይሄዳል» አለች።

ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። አገኘሁ ተረጎመ፤ ሹሙ ባርኔጣውን ነካ አድርጎላት ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሰበች «እግዜር ይስጥሽ» ብላ አህያዋን ወደ ሚዛኑ ነዳች፤ ከእሷ ኋላ አንዱ፣ ከእሱ ኋላ ሌላው። ኩብራ ሰሌኗ ላይ እንደተቀመጠች ጆንያ ቆጠረች። አሥር ሲሞላ ሰዉ መጋፋት ጀመረ፤ ሃያ ሲሞላ አስካሪዎቹ ተራ ያስይዙ ነበር። ሠላሳኛው ጆንያ ሲመዘን ልቧ ረገበ፤ በቃ፣ ኢሳ ዳነ አለች በሆዷ። ሆኖም ሰዉ መች በቃኝ ያውቃል፤ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት እያለ ቀጠለ። ተነሥታ «ተዉ፣ በቃችሁ» ልትል አሰበች፤ እንዲህ ካለች ግን ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። ውባንተ ከሁሉ በኋላ፣ አህያውን በጥርጣሬ እንደሚጎትት ሰው እየጎተተ መጣና በፊቷ ቆመ። ዓይኗን ብቻ አያት። እሷ ዓይኗን ሰበረች። እሱ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ያመነውን አፍ አሁንም አመነና ሁለቱን ጆንያ ሸጠ። ሠላሳ ስምንት ሆነ።

ወዲያው ማዶ ከጨው ተራ ጩኸት ተሰማ። የጨው ነጋዴው አብዱልሀኪም ነው። አሰበች አሥር ሊሬዋን ዘርግታለት ኖሮ በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰላት። «እናቴ፣ እኔ ይህን ጨው በበረሃ፣ ከአውሮፕላን ቦምብ ሥር ነው ያመጣሁት፤ የከፈልኩትም ብር ነው። በዚህ ወረቀት ማዶ ያለው ሰው አንድ ፍሬ ጨው አይሰጠኝም። ይሄዳል ያለችው ኩብራ ናት አይደል? ለእሷ ይስጧት።» ሰው ከየአቅጣጫው ወረቀቱን ይዞ ወደ ጨው ተራ፣ ወደ ጨርቅ ተራ፣ ወደ ማረሻ ሻጩ ሮጠ። መልሱ ሁሉም ዘንድ አንድ ሆነ። ሚዛኑ ዘንድ የተመለሱትን ደግሞ አስካሪዎቹ በሰደፍ መለሷቸው፤ እህሉ በሁለት ካሚዮን ተጭኖ ወደ መተማ ተንቀሳቅሷል። ኩብራ ሰሌኗን ጠቅልላ፣ በአህዮቹ መሐል፣ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ወደ ቤቷ ሄደች። ድንጋይዋን ሮቃው ሥር ረስታው መጣች።

ሹሙ ቃሉን ጠበቀ፤ ጣሊያን ሁሉ ውሸታም ነው አይባልም። ፀሐይ ገና ከዛፍ በላይ ሳለች ኢሳ በሁለት እጁ አጥሩን ይዞ ገባ። የውስጥ እግሩ አብጦ ተሰነጣጥቋል። ረቢዓ እልል አላለችም፣ አላለቀሰችም፤ ብብቱን ይዛ የኩብራ ጎጆ ውስጥ፣ መደቡ ላይ አስቀመጠችውና ሳፋ ውሃ ይዛ እግሩ ሥር ተንበረከከች። ኩብራ ራሱን ዳሰሰችው። ትኩሳት አለው። «እትዬ» አላት፣ «ምን ከፍለሽ ነው?» ውሃ ቀዳችለት። «ብር ሰጠሻቸው?» «ብር አልሰጠሁም» አለች። ረቢዓ እግሩን ከማጠብ አላቋረጠችም፤ ኩብራን ግን ቀና ብላ አየቻት። ያን ጊዜ ሁለቱም ሴቶች ደጅ የእግር ድምፅ ሰሙ።

አሰበች ናት። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ አልተሳደበችም፣ አልወቀሰችም። ሁለቱን አሥር አሥር ሊሬ ከመቀነቷ ፈትታ መሬት ላይ አኖረቻቸውና «ጨው አልሰጥ አሉኝ ኩብርዬ። ምናልባት እኔ አጉል ይዤው ይሆን? አንቺ ብታሳያቸው...» አለች። ኩብራ ቢሰድቧት በወደደች። አሮጊቷ አሁንም አምናታለች፤ ጥፋቱን ከራሷ እጅ ነው የምትፈልገው። ኩብራ ወደ ጎተራው ሄደች፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ማሽላው ውስጥ ከትታ ከረጢቱን ጎትታ አወጣች።

ረቢዓ ከሳፋው ተነሣች። «እትዬ፣ የሐጅዎ ነው እኮ» አለች። ቀኑን ሙሉ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

«በሰው ማሽላ ሐጅ አይኬድም» አለቻት ኩብራ።

አራት ብር ቆጥራ በአሰበች መዳፍ ላይ አኖረች፤ ወረቀቱን ተቀበለች። አሰበች ብሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና «ይሄዳል?» ማለት እንኳ ሳይመጣባት መቀነቷ ውስጥ አሰረችው። እሷ ስትወጣ ሌላው ገባ። አጥሩ ሥር ሰው ተሰብስቦ ኖሯል፤ አንድም የጮኸ የለም፣ ተራ ያስያዘም የለም። ባላገር ችግሩን ተራ በተራ መንገር ያውቅበታል። አንዱ «የሦስት ጆንያ» ይላል፣ ስድስት ትቆጥራለች። አንዱ «የአንድ» ይላል፣ ሁለት። ብሩን የማየት ልማዷ አልለቅ ብሏት እያንዳንዱን በጥፍሯ ዳሰስ ታደርጋለች። ይህን ያህል ጠገራ ብር መያዝ በሚያሳስርበት ጊዜ ብር በየሰዉ እጅ ስታድል የሚያያት አንድ ሰላይ ቢኖር ነገ በካሚዮኑ የምትሄደው እሷ ነበረች፤ አውቃዋለች፣ ፈርታዋለችም፤ እጇ ግን አላቆመም። ኢሳ መደቡ ላይ ሆኖ ሁሉንም ያያል። ሦስተኛው ሰው ሲወጣ ገባው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ረቢዓ የከረጢቱን አፍ ከፍታ ያዘችላት። የከረጢቱ ሆድ እየሸሸ፣ ከሰሌኑ ላይ ያለው ወረቀት እየተቆለለ ሄደ። በመጨረሻ ረቢዓ ከረጢቱን ገልብጣ አራገፈችው። ባዶ ነው።

አንድ ሰው ቀርቷል፤ ውባንተ። ከገለጉ የመጣው፣ ረጅሙ ሰውዬ። ከደጃፉ ጎንበስ ብሎ ገባና ቆመ።

«የአንተ አራት ብር ነው ውባንተ» አለችው። «የለኝም። ያለኝ ይሄው አለቀ። ሰሊጡ ይሸጥና እሰጥሃለሁ፤ ወላሂ አልክድህም።»

«ብሩ ይቆይ» አላት። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ እታለም። አንቺ ወረቀቱ እንደማይሆን አላወቅሽም?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። ጣሊያን አስገድዶኝ፣ ሰይፍ አንገቴ ላይ ሆኖ ማለትም ይቻል ነበር። «አውቄያለሁ» አለችው። «ጠዋት የራሳቸው አስተርጓሚ አልቀበልም ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልሽው?»

ኩብራ ወደ መደቡ ዞረች። «ነገ ጎንደር ሊወስዱብኝ ነበር። ሠላሳ ጆንያ ካስገዛሽልን እንፈታዋለን አሉኝ።»

ውባንተ ኢሳን አየ። ያበጠውን እግሩን፣ በሳፋው ውስጥ የቀላውን ውሃ አየ። ከዚያ የተናገረው በቁጣ አይደለም፤ በቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ይህንኑ ብትነግሪን ምን ነበረበት?» አላት። «ሮቃው ሥር ስንከብብሽ ወደ አንዳችን ጆሮ ጠጋ ብለሽ ‹ወንድሜን ሊገድሉብኝ ነው፣ ሠላሳ ጆንያ ይፈልጋሉ› ብትዪን ኖሮ ማሽላውን እንዲሁ በነፃ እንሰጣቸው ነበር። አሰበችም ቢሆን ትሰጥ ነበር። ለኢሳ ነፍስ አንድ ጆንያ እምቢ የሚል ማን ነበረ?»

ቀኑን ሙሉ፣ ከበረንዳው እስከ ገበያው፣ ይህ በኩብራ ሐሳብ ሽው አላለም። አሥራ ስምንት ዓመት የሰዉን ብር ስታገላብጥ ኖራ ሰዉ ምን እንደሆነ አለማወቋ አቃጠላት፤ እንባዋ መጣ፣ በቶቧ ጫፍ ጠረገችው። ውባንተ ሁለቱን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ በክምሩ ላይ ጨመራቸው።

«የእኔን ሁለት ጆንያ ለኢሳ ሰጥቻለሁ፤ ዕዳ የለብሽም። ተሳስተሽ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረኝም፤ ሰው ነሽ። ያልሽው ግን እያወቅሽ ነው። ከእንግዲህ ብር አላሳይሽም እታለም። በራሴ ዓይን አያለሁ፤ ብታለልም በራሴ ልታለል።»

ዱላውን ከደጃፉ አነሣ። ለኢሳ «እግዜር ይማርህ» አለው፤ ለእሷም «ደህና እደሪ» አላት። አህያውን ባዶውን እየነዳ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ኩብራ ከደጃፉ ቆማ አየችው። «ደህና ግባ» አለችው፤ እሱ ግን ርቆ ሄዶ ነበር።